ቁጥር ያዝልኝ

ሰኞ፣ መጋቢት 4

የበጀት ወቅት። ከየመሥሪያ ቤቱ ጥራዝ በጥራዝ ተሸክመው ይመጣሉ። ሁሉም ላይ «አስቸኳይ» የሚል ቀይ ማህተም አለ። ሁሉም አስቸኳይ ከሆነ አስቸኳይ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው... ማን ይንገራቸው?

እኛ ምድር ቤት ነን። መዝገብ ቤት። ፎቅ ያሉት የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች ስለ አገር ገቢና ወጪ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። እውነተኛው ገቢና ወጪ ግን የኛው ነው፦ ገቢ ደብዳቤ በአረንጓዴው መዝገብ፣ ወጪ ደብዳቤ በቀዩ። ቀዩ የኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ይዤዋለሁ። አንድም የጠፋ ቁጥር የለም። ለሰው ብናገረው ጉራ ይሆናል፤ እዚህ ብጽፈው ማን ይታዘበኛል?

ጥቁሩ እስክሪብቶ ዛሬም ተፋ። እጄን ያየ ሰው መካኒክ ነው የሚለኝ። ንብረት ክፍል በሚያዝያ ሌላ እንሰጣለን ብለዋል። ይህን የምጽፍበትም ከዚያው ነው፤ አንዱን ወደ ቤት አምጥቻለሁ። መንግሥት ይቅር ይበለኝ።

ባለቤቴ ምሳ ስትቋጥርልኝ «አራት ዓመት ቀረህ» አለችኝ። ጡረታዬን ከኔ በላይ የምትጠብቀው እሷ ናት።

ዓርብ፣ መጋቢት 8

ልጅቷ ዛሬ ለወሊድ ወጣች። አረንጓዴውን መዝገብ የምትይዘው ልጅ። እስክትመለስ እሜቴ ደርባ ትይዝላታለች። (እሜቴ ስሟ አይደለም። ሁላችንንም ስለምታዘን ነው።) እሜቴ ለሚወለደው ሹራብ ሠርታለች፤ አንዱ እጅጌ ካንዱ በአራት ጣት ይረዝማል። ዝምተኛው፣ ፋይል የሚጠርዘው፣ ሹራቡን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ልጁን ነው በሹራቡ ልክ የምንወልደው ማለት ነው» አለ። ዝምተኛው ቀለደ! በዓመት አንዴ ነው። እስኪያንቀን ሳቅን። ልጅቷ ሆዷን ይዛ «ኧረ በእናታችሁ፣ እዚሁ ልታስወልዱኝ ነው!»

ከሰዓት ሚዜዬ ወረደ። እሱ ራሱ! የሰው ሀብት ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ምድር ቤት ሲወርድ አላየሁትም። በሠርጌ ቀን ጎኔ የቆመ ሰው ነው፤ አብረን ነው እዚህ ቤት የተቀጠርነው። እሱ ደረጃውን ወጣ፣ እኔ ቀረሁ። ቀንቼበት አላውቅም። ትንሽ ብቻ።

«ሙሽራው!» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሚጠራኝ... በተለይ የሚፈልገው ነገር ሲኖር።

«ምን ልታዘዝ?»

«አንዲት ቁጥር ያዝልኝ። በዛሬ ቀን። ደብዳቤው ገና ፊርማ ላይ ነው።»

ቁጥር መያዝ ማለት መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ባዶ ትቶ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። ደብዳቤው ሲመጣ መስመሩ ይሞላል፤ ቀኑ ግን የድሮው ይሆናል። ክልክል ነው። ሁሉም ያስይዛል። ብዙ ጊዜ ያው በዕለቱ ከሥራ ከመውጣታችን በፊት ይሞላል። ሌላ ሰው ቢሆን ትንሽ አስለምነው ነበር። ለሚዜዬ ግን... 4117 ብዬ በቁራጭ ወረቀት ሰጠሁት። ኪሱ ከተተው።

«አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አለ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ልጅ ነኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 13

4117 አሁንም ባዶ። እንደወለቀ ጥርስ ነው፤ ምላሴ እዚያው እዚያው ይሄዳል። ደወልኩለት። «ይደርሳል ሙሽራው፣ ምን ያስቸኩልሃል?»

ልጅቷ እሁድ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እጆቹ እኩል ናቸው ተብሏል።

ዓርብ፣ መጋቢት 15

የምሥራች! አዲሱ ደንብ ደረሰ። በጀት ለመቆጠብ ሠራተኛ ሊቀነስ ነው የሚለው ወሬ ስንት ወር እንቅልፍ ነስቶን ከርሟል። ዛሬ በአረንጓዴው መዝገብ ገባ፦ ጡረታ ለመውጣት ከአምስት ዓመት በታች የቀረውም፣ ወሊድ ላይ ያለችም፣ ከዛሬ ጀምሮ «ትርፍ ሠራተኛ» ተብለው አይቀነሱም። ከዛሬ በፊት የተወሰነ ካለ ግን አይነካም ይላል። እንዲያ ያለ ውሳኔ የለም፤ ቢኖር በኔ እጅ ያልፍ ነበር።

እሜቴ ሁለት ዓመት ነው የቀራት። ዝምተኛው ሦስት። እኔ አራት። ልጅቷ አራስ ናት። ክፍሉ ጠቅላላ ዳነ! እሜቴ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ «ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የሚያስወጣኝ መልአኩ ብቻ ነው» አለች። «እሱም ቁጥር ይዞ ከመጣ ነው» አልኳት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 4

ትናንት ንብረት ክፍል አዲስ እስክሪብቶ አደለ። ሰማያዊ። ጥቁሮቹን አንድ ሳያስቀሩ ሰብስበው ወሰዱ። (ቤት ያለውን አያውቁም።)

ሚዜዬ ዛሬ ደብዳቤውን አመጣ። በታሸገ ፖስታ፣ «ምስጢር» ተብሎ። ምስጢር የተባለ ፖስታ አይከፈትም፤ ቁጥሩንና ቀኑን መዝግበን፣ «ጉዳዩ» በሚለው ሥር «ምስጢር» ብለን እናልፋለን።

«ወር ሊሞላው ነው እኮ» አልኩት።

«የላይኞቹን ጠረጴዛ ታውቀው የለ? ወረቀት እዚያ ከገባ ያረጃል።» ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ጻፍኩት። 4117፣ መጋቢት 8። ገጹ ሙሉ ጥቁር ሆኖ መሃሉ ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር... ዓይን ይወጋል። ቢሆንም ተሞላ። ጥርሱ ተተከለ። እፎይ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 12

ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

አራት ደብዳቤ መጣ። ለእሜቴ፣ ለዝምተኛው፣ ለልጅቷ፣ ለኔ። «የመዝገብ ቤቱ ሥራ በኮምፒውተር ስለሚተካ፣ በቁጥር 4117 መጋቢት 8 ቀን በተጻፈው ውሳኔ መሠረት ትርፍ ሠራተኛ መሆንዎን እናስታውቃለን።» ከታች ደግሞ፦ ግልባጭ፣ ለመዝገብ ቤት። ለየትኛው መዝገብ ቤት? አጥፍተውን ለኛው ግልባጭ!

ቁጥሩን እንዳየሁ ሁሉም ነገር በአንዴ ገባኝ። ሚዜዬ ደንቡ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የሆነ ቀን ነበር የፈለገው። ምድር ቤት ድረስ የወረደው፣ «ሙሽራው» ያለኝ፣ ለዚያ ነው። መባረሬን ቁጥር ይዤ ያቆየሁለት እኔ ነኝ። ሃያ ሰባት ቀን ሙሉ መቼ ይሞላል እያልኩ ስጨነቅለት...

ደወልኩ። አያነሳም። ደገምኩ። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለች። ከኋላዋ ድምፁ ይሰማኛል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 13

እሜቴ ሳትጠይቀኝ ቀዩን መዝገብ ገለጠች። ጣቷ 4117 ላይ ቆመ።

«ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»

«የኔ።»

«መጋቢት 8። ሹራቡን የሰጠንበት ቀን። እያወቅህ ነው አብረኸን ስትስቅ የነበረው?»

ምን ልበላት? «ያን ቀን ባዶ ነበር፣ ከወር በኋላ ነው የሞላሁት» ካልኩ ወንጀሌን ተናገርኩ። በሐሰት ቀን መመዝገብ። ከሥራ ያስባርራል። ጡረታዬን ሊያስቀረኝ ይችላል። ‹ምስጢር› ተብሎ የገባ ነው ልላትም ፈለግሁ... ቀኑን ማን ጻፈው ብትለኝስ? ዝም አልኩ። ዝምታዬን አዎ ብላ ወሰደችው።

«ወንድሜ ነበር እኮ የምልህ» አለች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ዝምተኛው ከመርፌው ቀና አላለም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 17

በመጨረሻ አስገባኝ። ሦስተኛ ፎቅ። ምንጣፍ አለው፤ እግሬ ድምፅ አልባ ሆነብኝ።

«ሙሽራው፣ ቁጭ በል እንጂ።»

አልተቀመጥኩም።

«ሃያ ሰው ቀንስ አሉኝ» አለ። «ካልቀነስክ ሃያ አንደኛው አንተ ነህ አሉኝ። ምን ላድርግ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«ከሃያው አራቱ የግድ እኛ መሆን ነበረብን?»

«ሌሎቹ ይጮኻሉ» አለ። «እናንተ አትጮኹም።»

እንዲህ ብሎኝ ውሃ ቀዳልኝ። ጠጣሁት ደግሞ! አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል፣ ለምን ጠጣሁት?

«ደግሞ አንተ ምን አስጨነቀህ? ቦታ ይዤልሃለሁ። ሌላ ቅርንጫፍ፣ በዚያው ደመወዝ። አራት ዓመትህን ጨርሰህ በሰላም ትወጣለህ።»

«እነሱስ?»

«ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባሉ። ኮሚቴው መዝገቡን ያያል፤ መዝገቡ መጋቢት 8 ይላል፤ አለቀ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ፣ ያቺን መስመር በሰማያዊ ነው አሉ የጻፍካት። ምን ነካህ? በላይዋ ላይ በጥቁር ሂድባት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

ዓይኑን በጨው ታጥቦ! አንዴ ያታለለኝ አልበቃውም፤ ሁለተኛውን እያወቅሁ እንድሠራለት ፈለገ። ወጣሁ። እንቢም አላልኩም። እሱን እዚህ ልጻፈው፦ እንቢ አላልኩም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 18

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሁሉንም። መጀመሪያ «ቦታውን ተቀበል» አለች። «አራት ዓመት ነው፤ ዓይንህን ጨፍነህ አሳልፈው። ልጃችን ትምህርቷን አልጨረሰች። የቆጡን አወርዳለሁ ስትል የብብትህን እንዳትጥል።»

ልክ ናት። ሳህን ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ።

ቆይታ፣ ፊቷን ሳታዞር፦ «ቀለበቱን ግን ያኔ የረሳው እሱ ነው፤ አይደል?»

የሠርጋችን ቀን። ቀለበቱን ሌላ ኮት ኪስ ውስጥ ትቶት መጣ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንግዳ ተገትሮ። እንዳላዋርደው ብዬ «እኔ ነኝ የረሳሁት» አልኩ። አባቷ ነፍሳቸውን ይማረውና እስኪሞቱ ድረስ «ያ ቀለበት የረሳው ሰውዬ» ነበር የሚሉኝ። እሱም በየግብዣው ይህንኑ እያነሳ ሲያስቅብኝ ኖረ። አንድ ቀን እንኳ «እኔ ነኝ» አላለም።

«እሱ ነው» አልኳት።

«አውቅ ነበር» አለች። ማጠቧን ቀጠለች።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 20

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ፈረሱስ ይጣለኝ። ኮርቻውን የጫንኩለት እኔ መሆኔ ነው የሚያበግነኝ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 23

ጠዋት ጥቁሩን እስክሪብቶ ደረት ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። ለምን እንደያዝኩት ለራሴም አልነገርኩትም። ባለቤቴ አይታኛለች። ምንም አላለችም።

እነ እሜቴ ለምሳ ሲወጡ ቀዩን መዝገብ ከፈትኩ። ጥቁሩን አወጣሁ። ከ4117 የመጀመሪያዋ 4 ላይ አሳረፍኩት... በሩ ተንኳኳ። እስክሪብቶውን መልሼ ኪሴ ከተትኩ፣ ክዳኑ እንኳ ሳይገጠም።

ልጅቷ ናት። ሕፃኑን ታቅፋ። ለቅሬታው ፎርም ልትሞላ መጥታ ነው።

«ጋሼ፣ 4117ን እኔም ልየው?» መስመሩን አየችው። «ይሄ የእርስዎ ጽሑፍ ነው?» አልተቆጣችም። እንደ እሜቴ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እና ሹራቡን ስትሰጡኝ... ያን ጊዜ አልቆ ነበር ማለት ነው? እኔ እኮ ለእናቴ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወንድምና እህት አሉኝ ብዬ ነው ያወራኋት።»

ሕፃኑ ያንን ሹራብ ለብሷል። ረጅሙ እጅጌ ተጠቅልሏል።

ያኔ ታየኝ። መዝገቡ ላይ የጻፍኳት ያቺ ቀን ሥራዋን ብቻ አይደለም የወሰደችባት። ያን ሳቅ ወሰደችባት። እኛ ያን ቀን ምንም አናውቅም ነበር፤ ከልባችን ነበር የሳቅነው። በኔ እጅ ጽሑፍ ግን ሌላ ሆነ። በጥቁር ብሄድበት ደግሞ ለዘላለም ሌላ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ሸሚዝዎ!» አለች።

ወደ ታች አየሁ። እስክሪብቶው ኪሴን አልፎ እስከ ሆዴ ድረስ ተፍቶታል። አሳዘንኳት መሰለኝ፤ መሐረብ ሰጠችኝ። እንደወጣች መዝገቡን ዘጋሁት። አልጻፍኩበትም።

ሸሚዙ አይለቅም አለች ባለቤቴ። ይቅር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 3

ቅሬታ ሰሚ ፊት ቀረብን። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ የሕግ ሴትዮ ናቸው። ሚዜዬ ማዶ ተቀምጧል፣ አዲስ ክራቫት አስሮ። ጥያቄውን የጀመረው እሱ ነው፦

«እርስዎ ይህን ደብዳቤ በቁጥር 4117 መዝግበዋል። አይደለም?»

እርስዎ። እርስዎ አለኝ! ከሙሽራው ወደ እርስዎ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን በልተን... እዚያ ጋ ነው የቆረጠልኝ። ከደብዳቤው በላይ ያቺ ቃል አንጀቴን አሳረረችው።

«መዝግቤያለሁ» አልኩ።

«በቃ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም።»

«የመዘገብኩት ግን ሚያዝያ 4 ቀን ነው» አልኩ። «መጋቢት 8 መስመሩ ባዶ ነበር። እርስዎ ቁጥር ያዝልኝ ብለውኝ ነው የያዝኩልዎ።»

እኔም እርስዎ አልኩት። አፌ ላይ ከበደኝ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። «ማስረጃ?»

ገጹን ወደ መስኮቱ አዞርኩላቸው። ከላይ ጥቁር፣ ከታች ጥቁር፣ መሃል ሰማያዊ። «ሰማያዊ እስክሪብቶ እዚህ ቤት የገባው ሚያዝያ 3 ነው» አልኩ። ከጀርባዬ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። እሜቴ ናት፣ አረንጓዴውን መዝገብ ይዛ። «ሰማያዊ እስክሪብቶ ማደሉን የሚገልጸው የንብረት ክፍል ደብዳቤ ሚያዝያ 3 ገብቷል» አለች። «እኔው ነኝ የመዘገብኩት።» እኔን አላየችኝም።

«ይህን ሲናገሩ በራስዎ ላይ መሆኑን ያውቃሉ?» አሉኝ ሰብሳቢዋ።

«አውቃለሁ።»

«ከዚህ በፊትስ ለሌላ ሰው ቁጥር ይዘው ያውቃሉ?»

«አዎ።»

«ለማን?»

ጠረጴዛውን ዙሪያ አየሁ። ከኮሚቴው አባላት ሁለቱ ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ። «ለጠየቀኝ ሁሉ» አልኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 22

ውሳኔው ወጣ። 4117 ተሰረዘ። እሜቴ፣ ዝምተኛውና ልጅቷ ሥራቸው ላይ ይቆያሉ። የኔም መቀነስ ተሰረዘ... ቅጣቴ ግን ለብቻው መጣ፦ በሐሰት ቀን በመመዝገብ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብዬ፣ ወደ አሮጌ ፋይል መጋዘን። ጡረታዬ አልተነካም፤ ደመወዙ ሲቀንስ እሱም አብሮ ይቀንሳል።

እሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ሆድ እንዳይብሰው መሰለኝ፣ ለስድስት ወር ውጭ አገር ሥልጠና ይላካል አሉ።

በገዛ እጅ የተቆረጠ ጣት አያምም ይባላል። ውሸት ነው። ያማል። ተከድቼ ያማል፣ ለከዳኝ እጄን ያዋስኩት እኔ መሆኔ ደግሞ ይብሳል።

ባለቤቴ የምሥራቹንም መርዶውንም አንድ ላይ ስነግራት «እሺ» አለች። ቆይታ የሠርጋችንን ፎቶ ከግድግዳው አወረደችና አቧራውን ጠርጋ መልሳ ሰቀለችው። «እሱ ቢኖርበትም እኔም አለሁበት» አለች።

ዓርብ፣ ግንቦት 25

ጥቁሩ አለቀ። ይህን በሰማያዊ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ቀዩን መዝገብ ለእሜቴ አስረከብኩ። እስከ እኩለ ቀን ግን የኔ ነበር። ጠዋት ስልክ ጮኸ፤ ከሁለተኛ ፎቅ ነው። እሜቴ ቀድማኝ አነሳች። ሰማች፣ ሰማች... «እዚህ ቤት ቁጥር አይያዝም። ደብዳቤ ካለዎት ይዘው ይውረዱ» ብላ ዘጋችው።

ቀጥሎ እሱ ወረደ። የሥልጠና ደብዳቤውን ሊወስድ። ቁጥሩ 5262። በሩ ላይ ቆሞ ግራ ቀኝ አየ።

«ሙሽራው...» አለኝ። ቀስ ብሎ። የሚቀጥለው ነገር ያለው ይመስላል። ጠበቅኩት፤ የእውነት ጠበቅኩት። አልመጣም።

የርክክብ ደብተሩን አዞርኩለት። «እዚህ ላይ ይፈርሙ» አልኩት።

ፈረመ። ሄደ።

የሚቀጥለው ደብዳቤ የኔው ነው፣ የቅጣቱ። እሜቴ «እኔ ልመዝግበው» አለች። አይሆንም አልኳት። 5263 ብዬ ጻፍኩ። ለማን በሚለው ሥር ስሜን፣ ጉዳዩ በሚለው ሥር የዲሲፕሊን ቅጣት። የሱ መስመር ከላይ፣ የኔ ከሥሩ።

«መስመር ዘለሃል?» አለችኝ።

«አልዘለልኩም።»

አላመነችኝም። ጣቷን አሳርፋ ቁጥሮቹን ከላይ ወደ ታች ሄደችባቸው። ወንድሜ አላለችኝም፤ ገና ነው። ልክ ነው በሚል ግን ራሷን ነቀነቀች።

ቀን የሚለው ቀርቶኝ ነበር። ግንቦት 25 ብዬ ሞላሁት። የዛሬን።